ዋናው፣ ረቂቁና ግልባጩ

ቁጥር፦ አራ/01/10
መቱ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሀያት መሀመድ ሰዒድ
ታምፔሬ፣ ፊንላንድ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይጋርድሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ጥቅምት ገብቶም አልበቃኝም ብሎ የገበያውን መንገድ ጭቃ አድርጎታል፤ ባጃጆቹ ጭቃውን በሰው ልብስ ላይ እያራገፉ ያልፋሉ።

የላክሽው ላፕቶፕ ደርሶኛል፤ እጅሽን ይባርከው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ አስቀምጬ ስቀመጥ ጎረቤቴ ሙከሚል «ደግሞ ተመልሰህ ተቀጠርህ?» ይለኛል። ይቅናበት።

የሠራሽልኝ የመዝገብ ፕሮግራም ግን እሺ አላለም። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ቢሊሴ ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች ልጅ ናት፤ እሷም አቃታት። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይጎድለኛል ነው የሚለው» ትላለች። የጎደለውን ስትሰጠው ሌላ ይጠይቃል፤ ያንንም ስትሰጠው ሌላ። እንዲህ ያለ አማች ገጥሞኝ አያውቅም።

እንደምታውቂው በሰባ ሰባት ከወሎ በሠፈራ የመጣነውን ሰዎች፣ ማን በየትኛው አውቶቡስ እንደመጣ፣ የት እንደወረደ፣ ማን እንደጠፋበት፣ በደብተር ስመዘግብ ዓመት ሞላኝ። ለምን እንደጀመርሁትም ታውቂያለሽ። አክስትሽ ጦይባ መንገድ ላይ ከእጃችን ከወጣች ሠላሳ ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። የሰውን ሁሉ ስም ስጽፍ የምፈልገው የእሷን ነው። ዓይኔ እየደከመ ስለሆነ ማሽኑ ይፈልግልኝ ብዬ ነው ያስቸገርሁሽ።

ይህን ደብዳቤ ቢሊሴ ፎቶ አንስታ በኢሜይል ትልክልሻለች፤ ኔትወርክ ሲመጣ ነው ታዲያ። የደብተሩ ግልባጭ ስድስት ገጽ ግን በፖስታ ይከተላል። በፎቶ አላምንም።

አጎትሽ
አራጌ ሰዒድ

---

ታምፔሬ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተወደዱት አጎቴ ለጋሼ አራጌ፣

ወአለይኩም ሰላም። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በአሥር ሰዓት ይጨልማል፤ ሰው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይሠራል።

አማቹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙን የሠራሁት በራሴ ማሽን ላይ ነው፤ የእኔ ማሽን ላይ ደግሞ በየጊዜው የጫንኳቸው ብዙ ነገሮች አሉ። እሱ እነሱን ለምዶ ቢሊሴ ቤት ሲሄድ ያጣቸዋል። ስለዚህ በሌላ መንገድ እንላከው።

ዶከር የሚባል ነገር ላፕቶፑ ላይ ትጭናላችሁ። እኔ ደግሞ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጌ እልካለሁ። ይህን እሽግ ኮንቴይነር ይሉታል። መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ የሆኑትን ኮንቴይነሮች ግን አያስቡ፤ እንግዳ ያስቡ። ስንቁን፣ ምንጣፉን፣ ስኒውን ሁሉ ይዞ የሚመጣ እንግዳ። ከባለቤቱ የሚፈልገው ወለልና መብራት ብቻ ነው። መቱም ቢያድር ኡካም ቢያድር ለውጥ የለውም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሲያወርዱት ሁለት መስመር ያያሉ። አንደኛው ስቴብል ይባላል፤ የጸናው ማለት ነው። በየሦስት ወሩ ይወጣል። ሁለተኛው ኤጅ ይባላል፤ ጠርዝ ማለት ነው። በየወሩ ይወጣል፤ አዲስ ነገር ቶሎ ይገባበታል፤ ያልጠራ ስህተትም ይኖርበታል። እርስዎ የጸናውን ይውሰዱ። የቀረውን ለቢሊሴ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ።

ስለ አክስቴ ጦይባ አባቴ በሕይወቱ ሳለ ብዙ አይነግረኝም ነበር። ስጠይቀው ከቤት ይወጣል። እስቲ እርስዎ ይጻፉልኝ፤ እንዴት ነው የጠፋችው?

ልጅዎ ሀያት

---

ቁጥር፦ አራ/02/10
መቱ፣ ኅዳር 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀያት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አላህ ያንን ጨለማ ብርሃን ያድርግልሽ። በአሥር ሰዓት የሚጨልም አገር ዙህርና መግሪብ ተያይዘው ነው የሚሰገዱት ማለት ነው?

ተጫነ! ስሚ እንግዲህ። ቢሊሴ ከጧት ጀምራ ስታወርድ ዋለች። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ፤ ከዜሮ ጀመረች። በማግስቱ ወረደ። ሲከፈት ማሽኑ «ቨርቹዋላይዜሽን አልተፈቀደልኝም» አለ። ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ደስ ይለኛል፤ ቢሮ ያደገ ነው። ቢሊሴ አንቺ እንደጻፍሽላት አጥፍታ ስታበራው አንድ ቁልፍ እየደጋገመች ነካች፤ ጥቁርና ሰማያዊ ገጽ መጣ፤ እኔ ዱዓ ሳደርግ እሷ ፈቀደችለት። ከዚያ የዶከር ምልክት ነው የተባለው፣ ጀርባው ላይ ሣጥን የደረደረ ዓሣ ነባሪ ብቅ አለ።

ለሙከራ የሚሆን ትንሽ እንግዳ አስገቢ ብለሻት ኖሯል፤ አስገባችው። ገና ከመግባቱ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ጻፈ። እኔም ሳላስበው «ወአለይኩም ሰላም» አልሁ። ቢሊሴ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ! ምን ያስቃል? ቀድሞ ሰላም የሚል እንግዳ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው።

መዝገቡም ገባ፤ ይሠራል። መቶ አርባ ስም አስገብተናል። አሁን ጥያቄ አለኝ። ያ ኤጅ የሚሉት ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ፈቅደው ነው? ስህተት እንዳለበት እያወቁ ለምን ይወስዱታል? ስህተቱን ያገኘ ሰው ለማን ያመለክታል? የጸናው መጽናቱን የሚወስነው ማነው፣ ማህተሙን የሚያሳርፈው? ቢሊሴን ብጠይቃት «ጋሼ፣ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቅ ሰው አለ» አለችኝ።

ጦይባን ጠይቀሻል። አራት ዓመቷ ነበር። ከአምባሰል ስንነሳ ከዚያ ሁሉ ረሃብ የተረፈች አንዲት ዶሮ ነበረችን። እናቴ ልታርዳት ስትል ጦይባ ደበቀቻት። አውቶቡስ ላይ ስንወጣ በኩታዋ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ያዘቻት። ጠባቂው ሲፈትሽ ዶሮዋ ዝም። በደሌን ሳናልፍ ግን ከጦይባ ጭን ላይ እንቁላል ጣለች፤ ጮኸችም። ያን ቀን አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳቀ፤ ጠባቂውም ሳቀ። ከአምባሰል ወዲህ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

ከዚያ ትኩሳት ያዛት። መንገድ ላይ ሕሙማን የሚታዩበት ድንኳን ነበር፤ እዚያ ገባች። እኛን ቀጥሉ አሉን። ይኸው ነው።

የደብተሩ ግልባጭ፣ አሥራ አንድ ገጽ፣ በፖስታ ይከተላል።

አጎትሽ አራጌ

---

ታምፔሬ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለጋሼ አራጌ፣

እንዴት ነዎት? በመዘግየቴ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ፣ የምቀይረው ቤትም እየፈለግኩ ነው።

ለጥያቄዎ፦ አዎ፣ ፈቅደው ነው። አዲሱን ቀድሞ ማየት የሚወዱ አሉ፤ የራሳቸው ሥራ ከአዲሱ ጋር ይስማማ እንደሆነ አስቀድመው መፈተን የሚፈልጉም አሉ። ስህተት ሲያገኙ ለሠሪዎቹ ይጽፋሉ፤ ሠሪዎቹ ያርማሉ፤ በኤጅ ላይ ቆይቶ የጠራው ወደ ስቴብል ይሻገራል። ለሠሪዎቹ ለራሳቸው በየዕለቱ የሚወጣም አለ፤ እሱን ማንም እንዲደገፍበት አይመከርም።

የፖስታውን ግልባጭ ግን ከእንግዲህ ባይላኩ ይሻላል። ድካም ነው። ማሽኑ ይይዘዋል።

ስለ ዶሮዋ ደጋግሜ አነበብኩ። ከዚያ በኋላስ?

ሀያት

---

ቁጥር፦ አራ/03/10
መቱ፣ ጥር 15 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀያት፣

ጤናሽን አላህ ይጠብቅልኝ፤ የምትገቢበት ቤት የደስታ ይሁንልሽ።

«ግልባጭ አይላኩ» አልሽ። አንቺ ልጅ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኙም ወረቀቱም ነኝ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ስሠራ ያለ ግልባጭ የወጣ ደብዳቤ የለም። እልካለሁ። ካላስፈለገሽ አስቀምጪው፤ ዳቦ አይጠይቅሽ።

በታኅሣሥ ኡካ ሄጄ እንደ እኛው በሠፈራ የመጣችውን እትዬ ሁሪያን አገኘኋት። ሰማንያ አልፏታል። የአሥራ ሁለተኛውን አውቶቡስ ሰው ከፊት ወንበር እስከ ኋላ በመስመር ጠራችልኝ፤ ማን መስኮት ጋ እንደነበር ሁሉ። ከጎሬ ወዲያ ካለችው ቡሬ ደግሞ መምህር ጭምዴሳ የተባለ ሰው ጉዳዩን ሰምቶ በራሱ ፈቃድ ቤት ለቤት ዞሮ አንድ ደብተር ሙሉ ጽፎ ላከልኝ። በቁቤ ነው የጻፈው፤ እኔ ደግሞ ኦሮምኛውን እናገራለሁ እንጂ ቁቤው ላይ ገና ፊደል ቆጣሪ ነኝ። ቢሊሴ ስሙን ስሙን እየለቀመች አስገባችው። ባጠቃላይ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው። «ጦይባ» ብለን ፈለግን። ሦስት ጦይባ አለ፤ ሦስቱም የእኛ አይደሉም። ገና ይገኝ ይሆናል።

የመስመሩን ነገር አሁን ገባኝ። እዚህም በሽታ የሚቋቋም የቡና ችግኝ ሲመጣ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ በተመራማሪዎቹ መደብ፣ ቀጥሎ በጥቂት ገበሬ ማሳ፣ ከዚያ ለሁሉ። የመሀሉን የወሰደ ወይ ጎረቤቱን ይቀድማል ወይ ያለ ቡና ይቀራል። ብቻ እነሱ ፈቅደው ነው አልሽኝ። እኛ በሰባ ሰባት ኤጅ ላይ የተጫንነው ማንም ሳይጠይቀን ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳክከኛል። በኤጅ በኩል ከእኔ የሚበልጥ ቁጥር ያለው ወጥቷል። በቢሮ ሕግ አዲስ ሰርኩላር የቀድሞውን ይሽራል። አዲሱ ወጥቶ በተሻረው መሥራት ይቻላል?

አሥራ ሰባት ገጽ በፖስታ ይከተላል፤ የጭምዴሳ ደብተር ግልባጭም አለበት።

አጎትሽ አራጌ

---

ቁጥር፦ አራ/04/10
መቱ፣ የካቲት 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለሀያት፣

ሰላም ነው። ጤና ነው። ዝናብ የለም።

እትዬ ሁሪያ ባለፈው ጁምዓ ወደ አኼራ ሄደች። አላህ ይማራት። ኡካ ሄጄ ቀብሬ መጣሁ።

ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል አንድ ጥያቄ ነበረኝ። አንድ የማውቀው ሰው፣ አንቺ የማታውቂው፣ ከስቴብል ወደ ኤጅ ቢሻገርና ማሽኑ አንድ ማስጠንቀቂያ ቢያሳየው፣ እሱም እሺ ቢል፣ ከዚያ ዓሣ ነባሪው ቢመጣም እንግዳው ባይኖር፣ እንግዳው የያዘው ስም የት ይሄዳል?

ሰውዬው ቶሎ መልስ ቢያገኝ ደስ ይለዋል።

አራጌ

---

ታምፔሬ፣ መጋቢት 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለጋሼ አራጌ፣

ለእትዬ ሁሪያ አላህ ጀነትን ይወፍቃት።

ያ ሰውዬ እርስዎ ነዎት። ለቢሊሴ ደውዬ ነበር። ለሠርግ ጎሬ በሄደችበት ቀን ብቻዎን እንደቀየሩት ነገረችኝ፤ ልጅቷ እያለቀሰች ነበር።

የዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም። ከመስመር ወደ መስመር ሲሻገሩ በውስጡ ያለው ኮንቴይነር ሁሉ ይጠፋል፤ ማስጠንቀቂያው የሚለው ይህንኑ ነው። ስሞቹ የሉም። ግን በእርስዎ ስህተት ብቻ አይደለም የጠፉት። እንግዳው የራሱን ይዞ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ሲሄድም የራሱን ይዞ እንደሚሄድ አልነገርኩዎትም። ስለዚህ ስሞቹ ከእሱ ዘንድ መቀመጥ አልነበረባቸውም። ከባለቤቱ ቤት፣ ከላፕቶፑ በራሱ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ ነበረባቸው። ያንን ለማድረግ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። እኔ ለደመወዝ የምሠራው ይህንን ነው፤ ለሌላ ሰው ብሠራው ኖሮ አልረሳውም ነበር። ለእርስዎ ግን ተቻኩዬ ሠራሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አፈርኩ፣ ጋሼ።

ደግነቱ ደብተሮቹ አሉ። ቢሊሴ ወደ ስቴብል ትመልሰው፤ እኔም አስተካክዬ እልካለሁ። እንደገና እናስገባዋለን፤ አይዘኑ።

ሀያት

---

ቁጥር፦ አራ/05/10
መቱ፣ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለሀያት፣

ደብተሮቹ የሉም።

በቢሮ ሥርዓት ዋናው ይመዘገባል፣ ግልባጩ ይላካል፣ ረቂቁ ሥራው ሲያልቅ ይወገዳል። ዋናው ማሽን ውስጥ ገባ፤ ግልባጩ ለአንቺ ተላከ፤ ስለዚህ በጥር መጨረሻ ቃለ ጉባኤ ጽፌ፣ ሙከሚልን ምስክር አስፈርሜ፣ ደብተሮቹን ጓሮ ወስጄ አቃጠልኋቸው። የመምህር ጭምዴሳን ደብተር ጭምር! የሰው ድካም! ሙከሚል «ምነው ለማንደጃ እንኳ አይሆንም?» ሲለኝ ሥርዓት አታውቅም ብዬ ተቆጣሁት። ለካ ጅሉ እኔው ኖሬያለሁ።

ማስጠንቀቂያውን አንብቤዋለሁ። ግማሹን አንብቤዋለሁ። በቢሮ ዘመኔ ስንት ማስጠንቀቂያ ፈርሜ ተቀብዬ ፋይል አድርጌያለሁ፤ ይሄም እንደዚያ መሰለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አዲሱ ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝ። በስልሳ ዓመቴ አማረኝ።

ከዶሮዋ በኋላስ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ እኔ ዘልዬው አልፌ ነበር። ድንኳኑ በር ላይ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ቆሟል። ከመካከላችን ፊደል የቆጠርሁት እኔ ስለሆንሁ እኔን ጠራኝ። «ሕፃን ጦይባ ሰዒድን አስረክቤያለሁ» ይላል። ፈረምሁ። አባትሽ «ከእሷ ጋ ልውረድ» አለ፤ እኔ ታላቁ ነኝና «ወረቀት አለ፣ ነገ ያመጧታል» ብዬ ከለከልሁት። አውቶቡሱ ሲነሳ ዶሮዋን እንዳቀፈች ድንኳኑ በር ላይ ነበረች። ወረቀቱ ሰውዬው ጋ ቀረ። እኔ ግልባጭ አልያዝሁም። የት እንደሚወስዷት፣ የሰውዬው ስም ማን እንደሆነ፣ ምንም። በሳምንቱ ስመለስ ድንኳኑ ተነስቷል። አባትሽ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን ክፉ አልተናገረኝም፤ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። መዝገብ ቤት የተቀጠርሁትም፣ በግልባጭ ሰው የማሰለቸውም በዚያች ወረቀት ነው።

ቢሊሴ ሁሉንም ኮፒ አንድ አንድ ብቻ ነው ያነሳችው። እሱም የተላከው ወደ አንቺ ነው። ሀያት፣ ፖስታዎቹን ይዘሻቸዋል?

አራጌ

---

ቁጥር፦ አራ/06/10
መቱ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2010 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ማስታወሻ ስለመስጠት

በቁጥር አራ/05/10 ለጻፍሁት መልስ አልደረሰኝም። ጣልኩት ብትይኝም አልቆጣም። ብቻ ንገሪኝ።

አራጌ

---

ታምፔሬ፣ ግንቦት 6 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ አራጌ፣

አሰላሙ አለይኩም። እባክዎ ተቀምጠው ያንብቡት፤ ቢሊሴም አጠገብዎ ትሁን።

መጀመሪያ እውነቱን። ፖስታዎቹን አንዱንም አልከፈትኳቸውም ነበር። የመቱ ማህተም ያለበት ወፍራም ፖስታ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ማሽኑ ይይዘዋል እላለሁ። ቤት ስቀይር ከአሮጌ ዕቃ ጋር በካርቶን አድርጌ ምድር ቤት ጣልኳቸው። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ካርቶኑን የት እንዳደረግሁት አላውቅም ነበር። የድሮው ቤት ምድር ቤት ቀርቶ ነበር። ቁልፉን ከአዲሱ ተከራይ ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሊጥሉት ከበሩ አውጥተውት ነበር፤ ገና አልተወሰደም።

ሠላሳ አራቱም ገጽ አለ።

ከዚያ በየማታው ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ ስድስት መቶ አሥራ አንዱንም በእጄ አስገባሁ። ስሞቹን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አነበብኩ። የእትዬ ሁሪያን አውቶቡስ መጨረሻ ወንበር ድረስ ሄድኩበት። ዓመቱን ሙሉ ምን ይሠሩ እንደነበር ያወቅኩት አሁን ነው።

ሃያ ሰባተኛው ገጽ የመምህር ጭምዴሳ ነው። እኔ በቁቤ አይደል የተማርኩት? እንዲህ ይላል፤ ወደ አማርኛ ልመልስልዎ፦

«ገለኔ ነመራ። ሴት። ዕድሜ ሠላሳ ስድስት ወይም ሠላሳ ሰባት። የቀድሞ ስም፦ አታውቅም። የአባት ስም፦ አታውቅም። ያሳደጓት የቡሬ ገበሬ አቶ ነመራ ናቸው፤ በሠፈራው ጊዜ ታመው ከነበሩ ልጆች ጋር አግኝተዋት። ማስታወሻ፦ ከመምጣቷ የምታስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዶሮ አቅፋ ነበር። ዶሮዋ መኪናው ውስጥ እንቁላል ጣለች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የእርስዎን የኅዳሩን ደብዳቤ ከስልኬ አውጥቼ አጠገቡ አደረግኩት። ወንበሬ ላይ ሆኜ ጮህኩ፤ ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበች።

ልደውልልዎ ስልኩን አነሳሁ፤ ግን እርስዎ በጽሑፍ ካልሆነ አያምኑም። ሌላም ልንገርዎ። ይህ ማስታወሻ ማሽኑ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። እኔ ስም፣ የአባት ስም፣ አውቶቡስ፣ ሠፈር የሚሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው የሠራሁት። ቢሊሴ «ገለኔ ነመራ» ብላ አስገባች፤ ዶሮዋን የምታስገባበት ቦታ አልሰጠኋትም። ስሞቹ ባይጠፉ ኖሮ መቶ ዓመት «ጦይባ» እያልን እንፈልግ ነበር።

እርግጠኛ አይደለሁም፣ ጋሼ። ዶሮ ያቀፈ ሌላ ልጅም ይኖር ይሆናል። ይሂዱና ይዩአት።

ልጅዎ ሀያት

---

ቁጥር፦ አራ/07/10
መቱ፣ ሰኔ 10 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለሀያት መሀመድ ሰዒድ፣

ዒድ ሙባረክ። አላህ የልብሽን ይሙላልሽ፤ የእኔን ሞልቶልኛል።

ደብዳቤሽ በደረሰ በማግስቱ እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ አልሄድሁም። ደግሞ ባትሆንስ? ረመዳኑን ሙሉ ፈራሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የፈለገ ሰው አንድ ወር ፈራ ብል ታምኛለሽ? በመጨረሻ ቢሊሴ ሱቋን ዘግታ መጥታ «ጋሼ፣ ይነሱ፣ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው» ብላ በግድ ወሰደችኝ።

ቡሬ መምህር ጭምዴሳ ተቀበለን። መጀመሪያ ደብተርህን አቃጥዬዋለሁ አልሁት። «ሌላ እጽፋለሁ» አለ። ከዚያ ይዞን ሄደ። ከአቶ ነመራ ግቢ የደረቀ ቡና በሰፌድ ስታበጥር የነበረች ሴት ቀና አለች። እናቴን አትመስልም። አባቴንም አትመስልም።

እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርሁት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ለአንቺም አልጻፍሁትም፣ መዝገብ ውስጥም አላስገባሁትም። ሰው ሲመሳከር አንድ ነገር በሆድ ይያዛል፤ እሱንም ቢሮ ነው የተማርሁት። በኦሮምኛ ጠየቅኋት። «ሉኩን ኬ፣ ዶሮሽ፣ ምን ዓይነት ነበረች?» አልኋት።

እጇን አንስታ በራሷ አንገት ዙሪያ አዞረችው። «እዚህ ጋ ላባ አልነበራትም» አለች።

አንገተ መላጣ ነበረች፣ ሀያት። ዶሮአችን አንገተ መላጣ ነበረች!

አለቀስሁ። በሰው ግቢ፣ ቢሊሴና መምህሩ እያዩኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እሷም መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ኋላ መጣችና ትከሻዬን ያዘችኝ። አማርኛ አትችልም። የእናቷን ስም ነገርኋት፤ የአባትሽን ነገርኋት፤ በሕይወት የለም ስላት ለማታውቀው ወንድሟ አለቀሰች። ስሟን ስነግራት ደጋግማ አለችው፤ «ጦይባ፣ ጦይባ»፤ አዲስ ጫማ እንደሚለካ ሰው። ልጇ ጃለኔ ሳቀችባት።

የፈረምሁትን ወረቀትም ነገርኋት። ላልነግራት አስቤ ነበር፤ አልቻልሁም። አቶ ነመራ ዛሬ ዓይናቸው አያይም፤ ጆሮአቸው ግን ይሰማል፤ ከውስጥ ሆነው መለሱልኝ። «ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ባትገባ ሌሊቱን አታድርም ነበር፤ ሐኪሙ ነው የነገረኝ፤ ስሟ ያለበት ወረቀት ጠፋ እንጂ የፈረመው ሰው እጁ ይባረክ ስንል ነው የኖርነው» አሉ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የረገምሁትን እጅ ሰው ሲመርቀው ኖሯል። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። ዶሮዋ ደግሞ ቡሬ ገብታ ሦስት ጊዜ ፈልፍላለች፤ ዘሯ እስከ ቅርብ ጊዜ ነበር አሉ።

አሁን ሥራ ነው። መምህር ጭምዴሳ ኮምፒውተር አለው፤ ቢሊሴ ዶከርን ጫነችለት፤ ከጸናው መስመር። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ። ስሞቹ እንዳልሽው ከባለቤቱ ቤት ይቀመጡ። ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታም ጨምሪበት፤ ሰፊ አድርጊው። የዶሮ ነገር፣ የመስኮት ነገር፣ ሰው የሚያስታውሰው ሁሉ ይግባበት። አዲስ ቁጥር ሲወጣም ጻፊልኝ፤ አልነካውም፣ ግን ማወቅ እወዳለሁ።

ከመመለሴ በፊት አንድ ወረቀት ጻፍሁ። «በ1977 ዓ.ም. ያስረከብሁትን ዛሬ ተረክቤያለሁ» ይላል። በግራ እኔ ፈረምሁ፤ በቀኝ እሷ ፈረመች፤ መምህሩና ቢሊሴ ምስክር ሆኑ። በሦስት ቅጂ ነው። የአንቺ በፖስታ ይከተላል።

ይህንን ፖስታ ግን ክፈችው።

አጎትሽ
አራጌ ሰዒድ

ግልባጭ፦
ለእህቴ ለጦይባ ሰዒድ (ገለኔ ነመራ)
ቡሬ